ነፋስ ለሁለት የሚከፍለው ዓመት፦ የሲሼልስ ወቅቶችና እንስሳት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሻገራል። የምንሄደው ወደ ሲሼልስ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚበር አውሮፕላን በአራት ሰዓት ገደማ ማሄ የምትባለው ዋና ደሴት ላይ ያርፋል። ከዱባይ ወይም ከአቡዳቢ ለሚነሡ ወገኖቻችንም ብዙ ሩቅ አይደለም። ለጫጉላም ይሁን ለስብሰባ የሚሄድ ሰው አይጠፋምና፣ ከመሄዱ በፊት ስለ አገሩ አየርና ስለ እንስሳቱ ጥቂት ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብለን ነው ያዘጋጀነው። የማይሄደውም ቢሆን ማወቅ ዕዳ አይሆንበትም፤ ይስማ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ጥሩው ወቅት መቼ ነው?» እያለ ነው። ለሲሼልስ ይህ ጥያቄ ብዙም አይረባም። እዚያ መጠየቅ ያለበት «አሁን ነፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው?» ተብሎ ነው። ሙቀቱማ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ባለው መካከል ይመላለሳል፣ ሌሊቱም እንደ ቀኑ ይሞቃል። ፀሐይም ብትሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ዋናዎቹ ደሴቶች ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አራትና አምስት ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ቀንና ሌሊቱ እምብዛም አይበላለጥም። ዓመቱን ዓመት የሚያሰኘው ነፋሱ ነው። ዝናቡ፣ የባሕሩ ጠባይ፣ የወፎቹ መምጣትና መሄድ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ነፋሱ ከማውራታችን በፊት ስለ ቦታው ትንሽ እንበል። ሲሼልስ ከመቶ የሚበልጡ ደሴቶች አሏት። የየብሱ ስፋት ተደምሮ 460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባን እንኳ አያክልም። በእጇ ያለው የባሕር ክልል ግን ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ከመላው ኢትዮጵያ ይሰፋል። ሕዝቡ በብዛት የሚኖረው ማሄ ላይ ሲሆን ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዚያው ናት። ከማሄ ቀጥሎ ፕራስሊን፣ ከዚያ ላ ዲግ ይመጣሉ። እነዚህ መካከለኛዎቹ ደሴቶች ግራናይት ናቸው፤ ዕድሜያቸው 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። ውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች ብዙውን ጊዜ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ወይም ኮራል የገነባቸው ናቸው። እነዚህ ግን ሕንድና ማዳጋስካር ሲለያዩ መንገድ ላይ የቀሩ የአህጉር ቁራሾች ናቸው። ራቅ ብለው በብዛት ወደ ደቡብ ምዕራብ የተበተኑት ሌሎቹ ደሴቶች ደግሞ ዝቅ ያሉና ኮራል የሠራቸው ናቸው።

አሁን ወደ ነፋሱ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ነፋሱ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው። ዝግ ያለ፣ ሞቃትና ውሃ ያዘለ ነፋስ ነው። ማሄ ላይ ከወራቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ብቻ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አዲስ አበባ በሐምሌም ሆነ በነሐሴ ይህን ያህል አታገኝም። እንግዲህ «ገናን ባሕር ዳርቻ ላሳልፍ» ብሎ የሚነሣ ሰው ከዓመቱ ዝናባማ ሳምንታት ጋር ነው የሚገናኘው። ይህ ማለት ግን አይሄድም ማለት አይደለም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ዶፉን አውርዶ ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ መሬቱ ይተናል፣ ወበቁ ይብሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ሰማዩ እንደተደፋ ይከርማል። ማሄ መካከሏ ተራራ ነው፤ ትልቁ ሞርን ሴይሼሉዋ 905 ሜትር ይደርሳል። ደመናው እዚያ ላይ ስለሚያርፍ ተራራው ወገብ ላይ ሲዘንብ ቆላው ዳርቻ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች ይኖራሉ።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ነፋሱ ይገለበጣል፤ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ይኼኛው ብርቱ ነው። ለቀናት ሳያቋርጥ ይነፍሳል፣ አየሩን ያደርቃል፣ ሙቀቱን ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል። በሐምሌ የሚወርደው ዝናብ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባሕሩ ግን ይቆጣል። ከማሄ ወደ ፕራስሊን የሚያመላልሰው ፈጣን ጀልባ በሌላ ጊዜ የአንድ ሰዓት ያህል ደስ የሚል ጉዞ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሆዱ የማይጨክን ሰው ቁርሱን ባይበላ ይሻለዋል። ትንሽ አውሮፕላንም አለ፤ በሩብ ሰዓት ያደርሳል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። በክረምታችን ወራት ሲሼልስን የሚያራግበው ያ ደቡብ ምሥራቅ ነፋስ እዚያ አይቆምም። ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገሰገሰ በኬንያና በሶማሊያ ጠረፍ አቅጣጫ የምድር ወገብን ይሻገራል። ከተሻገረ በኋላ የምድር መሽከርከር ወደ ቀኝ ያጥፈዋል፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍስ ሆኖ በሶማሊያ ባሕር ዳር በኩል ወደ ሕንድ ይምዘገዘጋል። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የሶማሊያ ጄት የሚሉት ይህ ነው። ሕንዶች የሚጠብቁትን የክረምት ዝናብ የሚያደርስላቸው እርሱ ነው። ለእኛ ደጋ ርጥበት ከሚያቀብሉት መንገዶችም አንዱ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ ነው። ስለዚህ እኛ ጃንጥላ በያዝንበት ሰሞን ሲሼልሶች ደረቅ ወራታቸው ላይ ናቸው፤ እኛ በጥር ሰማዩ ጥርት ሲልልን እነርሱ ይዘንብባቸዋል። የሐምሌን ጭቃ ሸሽቶ ፀሐይ ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው።

ሆኖም ፀሐይ ሁሉንም አይፈታም፤ የትኛው የደሴቱ ጎን ላይ እንዳላችሁ ማወቅ ይኖርባችኋል። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ሲመጣ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ያሉ ዳርቻዎች ማዕበል ይበዛባቸዋል፣ የባሕር ሣርም ተገፍቶ አሸዋው ላይ ይከመራል። በዚያው ሰሞን በማሄ ሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን ተራራው ከልሎለት ረጋ ይላል። ጥር ሲሆን ነገሩ ይገለበጥና ቦ ቫሎን ማዕበል ይመታዋል፤ የምሥራቁ ወገን ያርፋል። ላ ዲግ ላይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያሉት ግራንድ አንስና ፔቲት አንስ ለዓይን የሚያሳሱ ዳርቻዎች ናቸው፤ ነገር ግን በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወራት ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ የውሃ ሩጫ ስላለባቸው ዋናተኛ ነኝ የሚለውም ባይገባ ይመረጣል። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰሌዳውን ለጌጥ ያቆመው የለም። በምዕራብ በኩል ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን ግን ፊት ለፊቱ የኮራል አጥር ስላለው ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ የሚደርስና የተኛ ነው።

ሆቴል የምትይዙ ሰዎች፣ በማስታወቂያው ላይ የምታዩት እንደ መስታወት የተኛ ባሕር ምናልባት በሌላው ወቅት የተነሣ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ውሸት ነው አልልም፤ ግማሽ ዓመት እውነት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉ የደሴቱ የትኛው ጎን እንደሆነ ካርታ ላይ ፈልጉ፣ ከዚያ የምትሄዱበትን ወር ነፋስ ተመልከቱ።

ሁለቱ ነፋሶች ቦታ በሚለዋወጡባቸው ሳምንታት፣ ማለትም በሚያዝያ እና ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ባሕሩ ይተኛል። ውሃው ጥርት ስለሚል በመነጽርና በአየር ቱቦ ዓሣ ማየት ለሚወድ፣ ጠልቆ መዋኘት ለሚችልም እነዚህ የተሻሉ ሳምንታት ናቸው። ነፋስ ስለሌለ ሙቀቱ ይሰማል፤ ለአየር ማቀዝቀዣ ሲባል መክፈል ተገቢ የሚሆነው ያኔ ነው።

ወደ እንስሳቱ እንምጣ፤ እኔም የቸኮልኩት ወደዚህ ለመድረስ ነው።

ከማሄ በስተ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከውሃው ብዙም ከፍ ያላለች ትንሽ የኮራል ደሴት አለች፤ በርድ ደሴት፣ የወፍ ደሴት እንደማለት ነው የሚሏት። ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሊጀምር ሲል፣ ከመጋቢትና ሚያዝያ ጀምሮ፣ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ የሆኑ ተርን የሚባሉ የባሕር ወፎች በላይዋ መዞር ይጀምራሉ። መጀመሪያ አያርፉም፤ ይዞራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሌሊቱንም አየር ላይ ናቸው። በግንቦትና በሰኔ ይወርዱና መሬት ላይ፣ ጎጆ ሳይሠሩ፣ አንድ አንድ እንቁላል ይጥላሉ። ቁጥራቸው በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ጥንድ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በምንቃር ርቀት ላይ ስለሚተኛ አንዱ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ጠብ ይነሣል። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ይህን የሚጽፍ የጉዞ መጽሔት ብዙ አላየሁም። በመስከረምና በጥቅምት ጫጩቶቹ ይበራሉ። አንዴ ከበረሩ በኋላ የሚያደርጉት ነው የሚገርመው፦ ወጣቶቹ መሬት ሳይረግጡ ዓመታትን ባሕር ላይ ያሳልፋሉ። ላባቸው ውሃ ስለሚያሾልክ ውሃው ላይ ተቀምጠው ማረፍም አይችሉም፤ እየበረሩ ይበላሉ፣ እየበረሩ ያንቀላፋሉ። ሲመለሱ ለመፈልፈል ነው። ዓሣ አጥማጆች ደግሞ እነርሱን አይተው ነው መረባቸውን የሚጥሉት፤ ወፎቹ በተሰበሰቡበት ሥር ቱና ትናንሾቹን ዓሣዎች ወደ ላይ እያባረረ ነውና። የዚህ ወፍ እንቁላል በአገሩ ሰው ዘንድ የሚናፈቅ ምግብ ነው፤ መቼና የት እንደሚለቀም የሚወስነው መንግሥት ነው።

ፕራስሊን አጠገብ ያሉት ኩዛንና አሪድ የሚባሉት ደሴቶች ደግሞ የወፍ ጥብቅ ቦታዎች ናቸው። በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወራት ዛፎቻቸውን የሚሞሏቸው ኖዲ የሚባሉ ጠቆር ያሉ የባሕር ወፎች ናቸው። ማፑ በሚባለው ሰፊ ቅጠል ባለው ዛፍ ላይ ጎጆ ይሠራሉ፤ የጎጆው ማጣበቂያ የራሳቸው ኩስ ነው። የዚህ ዛፍ ዘር ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጎኑ እሾኽ ቢጤ አለው፣ እሾኹም ሙጫ የተቀባ ያህል ይጣበቃል። አንድ ሁለቱ የወፉ ክንፍ ላይ ቢለጠፉ ወፉ ተሸክሟቸው ይበርና ሌላ ደሴት ላይ ይጥላቸዋል፤ ዛፉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሙሉ ዘለላው ከወደቀበት ግን ክንፉ ይታሰራል። ወፉ ለመላቀቅ በምንቃሩ በነካ ቁጥር ዘሩ ወደ አንገቱ ይዛመታል፣ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ብዙውን ጊዜም ይሞታል። ጎጆ የሰጠው ዛፍ ነው የሚገድለው። ዛፉን ቆርጦ ወፉን ማዳን ይሻላል የሚል ጎብኚ አይጠፋም፤ ጠባቂዎቹ ግን ዛፉ ከሌለ ጎጆውም እንደማይኖር ስለሚያውቁ አይነኩትም።

ኩዛን ላይ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። በፈረንጆቹ 1968 ደሴቷ የተገዛችው ለአንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ሲባል ነው። የሲሼልስ ዋርብለር ትባላለች። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የቀሩት ከሠላሳ በታች ነበሩ፤ ሁሉም እዚያች ደሴት ላይ። ደሴቷ የኮኮናት እርሻ ስለነበረች የአገሩ ዛፍ ተመናምኖ ነበር። ኮኮናቱ እየተነሣ የጥንቱ ደን እንዲመለስ ሲደረግ ወፏም ተመለሰች። ከዚያ ከ1988 ጀምሮ ጥቂት ጥቂቱን ወደ አሪድና ወደ ሌሎች ደሴቶች ወሰዷቸው። ዛሬ ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው። የዚህ ሁሉ ምሥጢር አይጥ አለመኖሩ ነው፤ አይጥ እንቁላልና ጫጩት ይጨርሳል። ለዚህ ነው ጎብኚ ይዞ የመጣ ጀልባ ኩዛን ላይ እንዳይጠጋ የሚደረገው። የጥብቅ ቦታው ሰዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ይረከቧችኋል። የአሪድ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ ወፎቹ የሚበዙት በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወራት ነው፣ መውረጃው ዳርቻ ግን ወደ ደቡብ የዞረ ስለሆነ በእነዚያው ወራት ጀልባ ለመጠጋት ይቸገራል። ወፎቹ ይህን አስበው ነው የመረጡት ብንል የሚከራከረን ያለ አይመስለኝም።

በየትኛውም ወር ብትሄዱ የማታጡት ነጭ ተርን ነው። ወፉ ጎጆ የሚባል ነገር አይሠራም። እንቁላሉን ባዶ ቅርንጫፍ ላይ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ ፈልጎ ያስቀምጠዋል። ነፋስ ሲነሣ እንቁላሉ ይወድቃል ብላችሁ ትሰጋላችሁ፤ አንዳንዴም ይወድቃል። ጫጩቱ ግን ገና ከመፈልፈሉ እግሩ ጠንካራ ነው፤ ቅርንጫፉን ጨብጦ ወላጆቹ ዓሣ እስኪያመጡለት ይጠብቃል።

ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ማሄ ዙሪያ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ብቅ ይላል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፤ 12 ሜትር የሚደርስ አለ። የሚበላው ግን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን እያጠለለ ነው፤ ሰው አይነካም። ይመጣል ተብሎ ቀጠሮ የሚያዝለት እንስሳ አይደለም፤ ለእርሱ ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ሳያየው ሊመለስ ይችላል።

የባሕር ኤሊዋ ግን ቀጠሮ ታከብራለች። ሐውክስቢል የምትባለው፣ አፏ እንደ ጭልፊት ምንቃር የሾለ ዓይነት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው ትወጣለች፤ የሚበዛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በአብዛኞቹ ሌሎች አገሮች ይህ የሌሊት ሥራ ነው። በሲሼልስ ግን በጠራራ ፀሐይ ስትወጣ ትታያለች፤ ስለዚህ ዝናባማውን ወቅት የሚመርጥ ጎብኚ የሚያገኘው ዋጋ ይህ ነው። ከውሃው ስትወጣ ትቆማለች፣ አሸዋውን በአፍንጫዋ ትነካለች፣ ካልጣማት ተመልሳ ትገባለች። ከጣማት ወደ ቁጥቋጦው ጠርዝ ትሳባለች። በፊት እጆቿ ደረቁን አሸዋ ትጠርጋለች፤ ከዚያ ደግሞ በኋላ እግሮቿ ተራ በተራ እየዛቀች አንገተ ጠባብ ጉድጓድ ትቆፍራለች። አንዱ እግር አሸዋውን ሲያወጣ ሌላው የጠርዙን አሸዋ ወደ ኋላ ይበትናል፤ ዞራ አንድ ጊዜም አታይም። ከዚያ 150 የሚሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ነጭ ክብ እንቁላል ትጥላለች። ደፍና፣ አስመስላ፣ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ደግሞ ትመጣለች፤ በአንድ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ። እንቁላሉ በሁለት ወር ገደማ ይፈለፈላል። ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ አሸዋው ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ። ዓለም እየሞቀች በሄደች ቁጥር ተመራማሪዎችን የሚያሳስባቸው ይህ ነው።

ከተገናኛችሁ ከኋላዋ ሁኑ፣ ከፊቷ አትቁሙ፣ ብልጭታ ያለው ፎቶ አታንሡ። ገና ከውሃ ስትወጣ ከሆነ ያገኛችኋት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ካየች ትመለሳለች። በቅርፊቷ የተነሣ ስንት ዘመን ስትታደን ኖራለች፤ ማበጠሪያና አምባር ይሠሩበት ነበር። ሲሼልስ በፈረንጆቹ 1994 ንግዱን ከለከለች፤ በእጇ የነበረውን የቅርፊት ክምችትም በ1998 በአደባባይ አቃጠለችው። ኩዛን ላይ የሚወጡት ኤሊዎች ቁጥር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል።

የየብስ ኤሊው ነገር ሌላ ነው፤ እርሱ ነፋስ አይጠብቅም። ግዙፉ የአልዳብራ ኤሊ መኖሪያው ከማሄ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የአልዳብራ ደሴት ነው፤ ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ቦታው ከፈረንጆቹ 1982 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ለመድረስም አስቸጋሪ ነው። ጎብኚ የሚያየው ፕራስሊን አጠገብ ባለችው በኩርየዝ ደሴትና ቪክቶሪያ በሚገኘው የዕፅዋት መናፈሻ ነው። አንገቱን ከሥር ብታሻሹለት በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና አንገቱን መዝዞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እስክትሰለቹ ድረስ ይቆማል። ዝናብ ያቆረው ኩሬ ጥልቀት ከሌለው ደግሞ ውሃውን በአፍንጫው ይስባል። ወንዶቹ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ፤ ልጆቻችሁን ጀርባው ላይ አታውጡ፣ ክልክል ነው።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ደን አለ፤ 20 ሄክታር አይሞላም። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዚህች ደሴትና በጎረቤቷ ኩርየዝ ብቻ ነው። ፍሬው ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል፣ ዘሩም በዓለም ላይ ካሉት የዕፅዋት ዘሮች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሃያ ኪሎ ግራም ገደማ የሚደርስ አለ። ቅርጹን መግለጽ በሬዲዮ አይመችም፤ ያየው ይስቃል። በነፋሱ ወራት ደኑ ውስጥ ስትገቡ ትልልቆቹ ቅጠሎች እርስ በርስ እየተጋጩ የሚያሰሙት ድምፅ ሰው የሚያስቆም ነው፤ ራሳችሁንም ጠብቁ። ጥቁሩ በቀቀን የሚገኘው እዚህ ነው። ይህን ደን ካዩት ሰዎች አንዱ ጄኔራል ጎርደን ነው፤ የሚያስታውሰው አድማጭ ካለ፣ በፈረንጆቹ 1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር የተደራደረው፣ በኋላም ካርቱም ላይ የተገደለው እንግሊዛዊ ነው። በ1881 ይህን ደን አይቶ «ኤደን ገነት ይህ ነው፣ የዕውቀት ዛፍም ኮኮ ደ ሜር ነው» የሚል እምነት ይዞ ተመለሰ። ገነትን የሚፈልግ ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጣና አጠገብ ደርሶ ሳለ ግዮንን ሳይጠይቅ መመለሱ ይቆጨኛል።

በዝናቡ ወራት የተራራው ደን ውስጥ የሚገባ ሰው ለጆሮው ሥራ ያገኛል። ጥፍር የምታህል፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ እንቁራሪት አለች፤ በዓለም ላይ ካሉት ትንንሾቹ አንዷ ናት። ከርጥብ ቅጠል ሥር ሆና ትጮኻለች። የጆሮ ታምቡር የላትም፤ ድምፅ የምትሰማው በአፏ በኩል እንደሆነ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2013 አሳይተዋል። ፈልጎ ማግኘት ግን ዕድል ነው፤ ድምፁን ተከትላችሁ ስትቀርቡ ዝም ትላለች። ሲመሽ ደግሞ ፍራፍሬ የሚበሉት ትልልቆቹ የሌሊት ወፎች ከማንጎው ዛፍ ወደ ማንጎው ይሻገራሉ። የአገሩ ሰው በካሪ ሠርቶ ይበላቸዋል፤ ለእኛ ሆድ የሚሆን አይመስለኝም።

ይህ የዓመት ሥርዓት ግን የሚናጋበት ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ 1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ መካከለኛዎቹ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞተ፤ በፈረንጆቹ 2016 ደግሞ ተደገመ። ኮራሉ የሚነጣው ነፋስ በሌለበትና ውሃው በሚሞቅበት በሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ጠላቂ የሚወደው ወር ለኮራሉ የሚፈራ ወር ነው። አውሎ ነፋስን በተመለከተ ማሄና ፕራስሊን ለምድር ወገብ ስለሚቀርቡ ብዙ ጊዜ አይደርስባቸውም። ወደ ደቡብ የራቁት ደሴቶች ግን በመንገዱ ላይ ናቸው፤ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ፋንታላ የተባለው አውሎ ነፋስ ፋርኳር የተባለውን ደሴት አውድሞታል። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገን ከተለመደው በላይ የሚሞቅባቸው ዓመታትም አሉ። በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ ሲሼልስንም የእኛን ሶማሌ ክልልንም አንድ ላይ ያጥለቀልቃል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር የዋቢ ሸበሌ ጎርፍ ሕዝባችንን ባፈናቀለበት ወር መጨረሻ ላይ ማሄም ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ደርሶባት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ተራራ ልትወጡ ስትሉ ሌሊቱን ምን ያህል እንደዘነበ ጠይቁ።

ጥቂት የሚያዝ ነገር ልንገራችሁና እጨርሳለሁ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ፣ ይጠየቃል። ወባ እዚያ የለም፤ ነገር ግን የደንጊ በሽታን የምታስተላልፍ ትንኝ አለች፣ በተለይ በዝናቡ ወራት፣ ስለዚህ የትንኝ መከላከያ ቅባት አይቅር። እባቡ መርዝ የለውም፤ የሚያስፈራው መቶ እግሩ ነው፣ ከቆነጠጠ ብዙ ያማል፣ ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ። ጃንጥላ በነፋሱ ወራት አይረዳም፤ ስስ የዝናብ ልብስ ይሻላል። ኮኮ ደ ሜር መግዛት የሚፈልግ የፈቃድ ወረቀቱን አብሮ ይቀበል፤ ያለዚያ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድበታል። ከዳርቻው ዛጎልና ኮራል ለቅሞ መምጣትም ክልክል ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ዛንዚባር እናመራለን።